የሥጋ ዶሮን ከፈንግልና ከጉምቦሮ መከተብ፦ ሥራው ክትባቱን በሕይወቱ ጫጩቷ ዘንድ ማድረስ ነው

ጎንደር ላይ ለገና የሚደርስ የሥጋ ዶሮ የሚገባው የነቢያት ጾም ሲያዝ ነው። ኅዳር 15 የገባች የአንድ ቀን ጫጩት ታኅሣሥ 29 ላይ 45ኛ ቀኗን ትይዛለች። ዝርያዋ ኮብ 500 ከሆነና መኖዋ ካልተጓደለ ለገበያ ደርሳለች። በእነዚህ 45 ቀናት ውስጥ ቤቱን ባዶ ሊያስቀሩ የሚችሉት ሁለት የቫይረስ በሽታዎች ናቸው፤ አንዱ ፈንግል የምንለው ኒውካስል፣ ሌላው ጉምቦሮ። ሁለቱም አንዴ ከገቡ የሚያድን መድኃኒት የላቸውም። መላው አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው።

ይህን የማያውቅ አርቢ የለም፤ አብዛኛውም ይከትባል። ሆኖም «ከትቤያቸው አልነበር? ታዲያ ለምን አለቁ?» የሚል ጥያቄ በየዙሩ ይነሣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከመደብሩ እስከ መጠጫው ባለው መንገድ ላይ ነው። ለጫጩት የሚሰጠው የፈንግልም ሆነ የጉምቦሮ ክትባት የተዳከመ፣ ነገር ግን ሕያው የሆነ ቫይረስ ነው። ጫጩቷ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካልተራባ መከላከያ አይፈጥርም። ሙቀት ይገድለዋል፣ ፀሐይ ይገድለዋል፣ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል፣ የዛገ ባልዲም ያዳክመዋል። የሞተ ቫይረስ የጠጣች ጫጩት ውኃ ጠጣች እንጂ አልተከተበችም።

ስለ ቀኖቹ እንጀምር። ማሬክስ ለሚባለው ሌላ የዶሮ ቫይረስ በሽታ ክትባት የሚሰጥ ከሆነ በማስፈልፈያው በመጀመሪያው ቀን ስለሚሰጥ፣ ጫጩት ስትረከቡ ምን እንደተሰጣቸው ጠይቃችሁ መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ከዚያ በኋላ የተለመደው አካሄድ በ7ኛው ቀን ኤችቢ1 በዓይን ጠብታ፣ በ14ኛው ቀን ጉምቦሮ በመጠጥ ውኃ፣ በ21ኛው ቀን ላሶታ በመጠጥ ውኃ ነው። ኅዳር 15 ለገቡት ይህ ኅዳር 21፣ ኅዳር 28 እና ታኅሣሥ 5 ላይ ይውላል። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ስለሆነች መደብሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ክትባቱን በዋዜማው ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ያስፈልጋል። ላሶታም ኤችቢ1ም የፈንግል ክትባት ናቸው፤ ላሶታ ግን ጠንከር ስለሚል በእሱ አይጀመርም። ምንም ያልተከተበች ትንሽ ጫጩት መጀመሪያውኑ ላሶታ ከተሰጣት ሳሉና ማስነጠሱ ይበረታባታል።

የጉምቦሮ ቀን ከሁሉም ያስቸግራል። እናቲቱ ተከትባ ከሆነ ለጫጩቷ በእንቁላሉ አስኳል በኩል መከላከያ ታወርሳታለች። ይህ ውርስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታው ይጠብቃታል፤ ግን ክትባቱንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ቶሎ ከተከተበ ክትባቱ ይባክናል፤ ከዘገየ ደግሞ ውርሱ አልቆ ክትባቱ ሳይደርስ ባዶ ቀኖች ይፈጠራሉ። ከዚህም በላይ ጫጩቶቹ ከተለያየ እናት የመጡ ከሆነ የአንዷ ውርስ በ12ኛው ቀን ሲያልቅ የሌላዋ እስከ 18ኛው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ቀደም ሲል ጉምቦሮ በገባበት ግቢ ሁለት ጊዜ መስጠት ይሻላል ብለን እናምናለን፦ ኤችቢ1 በ4ኛው ቀን፣ ጉምቦሮ በ11ኛው፣ ጉምቦሮ ደግሞ በ18ኛው፣ ላሶታ በ24ኛው። በሁለት ክትባቶች መካከል አንድ ሳምንት ያህል መተው ጥሩ ነው። ከመጨረሻው ክትባት እስከ እርድ ሊቆይ የሚገባው ቀን ደግሞ በብልቃጡ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ 21 ቀን የሚሉ አሉ፣ ላሶታን ወደ 28ኛው ወይም 30ኛው ቀን የምትገፉ ከሆነ ለገና አይደርስላችሁም።

አሁን ወደ ግዢው። ቢሾፍቱ ካለው የክትባት ማምረቻም ይምጣ ከውጭ፣ ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ ነው ጎንደር መድረስ ያለበት። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ብልቃጡ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት ብዙ አይቷል። መደብር ስትገቡ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ክትባቱ የሚወጣው ከፍሪጅ ነው ወይስ ከመደርደሪያ? ከመደርደሪያ ከሆነ አትግዙ። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ፤ ፍሪጁ ውስጥ የበረዶ ጠርሙስ ደርድሮ የሚያስቀምጥ መደብር ሥራውን ያውቃል። ሦስተኛ፣ የአገልግሎት ማብቂያውን ቀንና የምርት ቁጥሩን አንብቡ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ደረቅ፣ ከሥሩ የተጣበቀ ወይም እንደ ጠፍጣፋ ክኒን የሆነ መሆን አለበት። ቀልጦ ወይም ረጥቦ ጠርዙ ላይ ከተለጠፈ መልሱት።

ከመደብር ወደ ቤት ለመውሰድ ውድ ሣጥን አያስፈልግም። ማታ ሁለት ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ፤ ጠዋት ሰፋ ባለ አፍ ፔርሙዝ ወይም በክዳን በሚዘጋ የስታይሮፎም ካርቶን ውስጥ አስገቧቸው። ብልቃጡን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ በመካከላቸው አድርጉት። ጋዜጣው የሚያስፈልገው የማሟሚያው ፈሳሽ እንዳይረጋ ነው፤ ደረቁ ክትባት ብርዱን ይችላል፣ ፈሳሹ ግን ሲረጋ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ከአራዳ አዘዞ ድረስ በባጃጅ፣ ብልቃጡን በኪስ ወይም በፌስታል ይዞ መሄድ ለክትባቱ ሞት ነው። የኪስ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ 220 ጫጩት ያለው ሰው ባለ 200 ዶዝ ብልቃጥ ገዝቶ «ይበቃቸዋል» ማለት የለበትም። የቀሩት 20ዎቹ ጎደሎ ይሆናሉ ማለት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ጎደሎ ዶዝ ያገኛሉ። የሚሻለው ጎረቤት አርቢዎች በአንድ ቀን ጫጩት አስገብተው አንዱን ትልቅ ብልቃጥ በአንድ ሰዓት መካፈል ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን «ለነገ» የሚባል ነገር የለም፤ የሟሟ ክትባት ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን አይቀመጥም።

የዓይን ጠብታው አድካሚ ነው፣ ግን ከሁሉም የተረጋገጠው መንገድ እሱ ነው፤ እያንዳንዷ ጫጩት ድርሻዋን ስታገኝ ታዩታላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ጠብታችሁን ለኩ። መርፌው በወጣለት ስሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ወደ ማንጠባጠቢያው አድርጉና ጠብታውን ቁጠሩ። ከክትባቱ ጋር የሚመጣው ማንጠባጠቢያ በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሊትር 33 ጠብታ ያህል ይሰጣል፤ ስለዚህ ለ200 ጫጩት 6 ሚሊ ሊትር ማሟሚያ ይበቃል። የሰው ዓይን መድኃኒት ማንጠባጠቢያ ከሆነ ግን 20 ጠብታ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ይህን ሳይለኩ የገቡበት ሰዎች 120ኛዋ ጫጩት ላይ ክትባቱ ያልቅባቸዋል። ለመፍሰሱ ጥቂት ጨምሩ። ማሟሚያው አብሮ ካልመጣ ፈልቶ፣ ተከድኖ፣ በደንብ የቀዘቀዘ ውኃ መጠቀም ይቻላል።

በስሪንጅ 2 ሚሊ ሊትር ማሟሚያ ስባችሁ መርፌውን በላስቲኩ ስትወጉ ብልቃጡ ራሱ ውኃውን ይስበዋል፤ ውስጡ አየር የለምና። ካልሳበ ብልቃጡ አየር ገብቶበት ሊሆን ይችላልና ለመደብሩ አሳዩት። ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ እንጂ አረፋ እስኪያወጣ አትነቅንቁ።

አንድ ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰው ያንጠባጥባል። ጫጩቷ በግራ እጅ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብለው አንዱ ዓይኗ ወደ ሰማይ እንዲያይ ያደርጋሉ። ማንጠባጠቢያው ቀጥ ብሎ ከዓይኗ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንጂ ዓይኗን አይነካም። ጠብታው ሲወድቅ ዓይኗ ላይ እንደ ብርጭቆ ጉልላት ይቆማል፤ ከዚያ ጨፈን ገለጥ ስታደርግ ይጠፋል። ያን ጊዜ ነው የምትለቀቀው። ሳይጠፋ ከተለቀቀች ጭንቅላቷን ትነቀንቅና ይረጫል፤ ሽፋሽፍቷ ላይ ከወደቀ ይደገምላታል። የተከተቡት በካርቶን ከልላችሁ ወደ ሌላኛው ወገን ይሄዳሉ። የእጅ ሙቀትም ይጎዳልና የምትጠቀሙበትን ጥቂት ጥቂት እየቀዳችሁ ቀሪውን በረዶ ላይ አስቀምጡ፤ ሁሉም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ። የክትባቱ ቫይረስ የሰውንም ዓይን ያስቆጣል፤ ያልታጠበ እጅ ዓይን አይንካ።

በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ክትባት የሚሞተውም እዚህ ነው። ጎንደር ከአንገረብ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ በክሎሪን የታከመ ነው። ከዚያ ላይ ብዙ አርቢ ሮቶውን በበረኪና ያጥባል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከክትባቱ በፊት ባሉት 48 ሰዓታትና ከክትባቱ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት በረኪና ወይም ሌላ ተዋሲያን ማጥፊያ በውኃቸው ውስጥ መኖር የለበትም። መጠጫዎቹንም በኦሞ አትጠቡ፤ በንጹሕ ውኃና በብሩሽ ብቻ። ውኃውን በዋዜማው በሰፊ የፕላስቲክ ገበቴ ገልጦ ማሳደር ክሎሪኑን ይቀንሳል፤ የሚያስተማምነው ግን ወተት ነው። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ለአንድ ሊትር 2.5 ግራም፣ ማለትም እስከ ጠርዙ ብቻ የተሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ጨምራችሁ በደንብ ካሟሟችሁ በኋላ ክትባቱን ሳትጨምሩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ወተቱ ክሎሪኑን የሚያስረው በዚያ ጊዜ ነው። ወተቱንና ክትባቱን አብሮ የሚጨምር ሰው ክሎሪኑ ቫይረሱን ቀድሞ እንዲያገኘው አድርጓል። ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት መጠጫው ላይ ስለሚንሳፈፍና ስለሚደፍን አይመረጥም። አሬራና እርጎ ደግሞ ኮምጣጣ ናቸውና ፈጽሞ አይሆኑም።

ውኃው ስንት ይሁን? ጥሩ መነሻ የሚሆነው የቀኑን ዕድሜ በሺህ ከተቆጠረው የጫጩት ብዛት ጋር ማባዛት ነው። 200 ጫጩት 0.2 ሺህ ነው፤ በ14ኛው ቀን 14 ሲባዛ በ0.2 ማለት 2.8 ሊትር፣ በ21ኛው ቀን 4.2 ሊትር። ወተቱ ለመጀመሪያው 7 ግራም፣ ለሁለተኛው 10.5 ግራም ይሆናል። ግን የጎንደር የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ጫጩቶቹ ከዚህ ያነሰ ሊጠጡ ይችላሉ። ስለዚህ በዋዜማው ክትባቱን በምትሰጡበት ሰዓት፣ ለክትባቱ የምታስጠሟቸውን ያህል ጊዜ አስጠምታችሁ ተራ ውኃ ለክታችሁ ስጧቸውና በሁለት ሰዓት ውስጥ ስንት እንደጠጡ እዩ። የነገው መጠን እሱ ነው። ብዙ ውኃ ከሆነ ሳይጨርሱት ይሞታል፤ ትንሽ ከሆነ ጉልበተኞቹ ጠጥተው ደካሞቹ ባዶ ይቀራሉ።

ውኃውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንሡ። በብርዱ ወራት ሁለት ሰዓት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አንድ ሰዓት ማስጠማት ይበቃል። ሦስትና አራት ሰዓት የሚያስጠሙ አሉ፤ ያኔ ጫጩቶቹ ሲሻሙ ውኃውን ይደፉታል፣ ይረጥባሉ፣ በብርድ ይመታሉ። በዘወትር ለ200 ጫጩት አራት መጠጫ የሚበቃ ቢሆንም ለክትባት ቀን ስምንት ያስፈልጋል። ሁለት ሦስተኛው መንጋ ባንድ ጊዜ መጠጣት ካልቻለ ወደ ኋላ የተገፉት ያልተከተቡ ናቸው። መጠጫዎቹ ፕላስቲክ ይሁኑ፤ የቆርቆሮ ጣሳ ተቆርጦ የተሠራ መጠጫ ያን ዕለት ይውጣ።

2 ሰዓት ሲሆን፣ የብልቃጡን የአሉሚኒየም ክዳን አንሡና ብልቃጡን በጆግ ባለው ወተት ያለበት ውኃ ውስጥ አጥልቃችሁ ላስቲኩን እዚያው ውስጥ ክፈቱት። ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ ይታያል። ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ ወደ ፕላስቲክ ባልዲው ገልብጡና በፕላስቲክ ማማሰያ አማስሉ። ሦስት አራተኛውን በስምንቱ መጠጫ አካፍሉ፤ ሩቡን በረዶ አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ አቆዩት። መጠጫዎቹ በመስኮት ከሚገባ ፀሐይ ይራቁ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ በመካከላቸው ተመላለሱ፤ ጥግ ላይ የተኛችውን አስነሡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሩቡን ወዳልጠጡት ጨምሩ። መጠጣታቸውን ለማወቅ ከየአቅጣጫው ሃያ ያህሉን አንሥታችሁ አንገታቸው ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳስሱ፤ ለስለስ ብሎ ውኃ የያዘ ፊኛ ይመስላል። ደረቅ የሆኑት ከሁለት ሦስት ከበለጡ መጠጫው ወይም ማስጠማቱ ጎድሏል። 4 ሰዓት ላይ ሁሉም አልቆ ተራ ውኃ መመለስ አለበት።

በክትባት ሰሞን ሙቀቱን አታጓድሉ። በ7ኛው ቀን ቤቱ 30 ዲግሪ ገደማ፣ በ14ኛው 27 ገደማ ቢሆን ደህና ነው። በርዷቸው የተከመሩ ጫጩቶች አይጠጡም። ከፈንግል ክትባት በኋላ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጥቂት ማስነጠስ ይኖራል፤ ክትባቱ እየሠራ ነው። የረጠበ ሰጋቱራ ሽታና የከሰል ጭስ ግን ይህን ቀላል ማስነጠስ ወደ እውነተኛ የመተንፈሻ ሕመም ይለውጡታል። ዓይናችሁን የሚቆጠቁጥ ቤት ለእነሱ መርዝ ነው፤ ሰጋቱራውን ገልብጡ፣ ከላይ አየር ማስወጫ ክፈቱ፣ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ ጭሱ ሲያልቅ አስገቡ። ማስነጠሱ ከሳምንት ካለፈ፣ ፊት ካበጠ ወይም መኖ ከቀነሰ የክትባት ነገር አይደለምና ሐኪም ጥሩ። «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚጨመር አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካም፤ ገንዘብ ይበላል፣ በሥጋው ውስጥም ይቀራል።

ቀድሞ የታመመ መንጋ አይከተብም። ጉምቦሮ በአብዛኛው ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ይመጣል፦ ላባቸው ይቆማል፣ ነጣ ያለ ውኃ መሰል ኩስ ይጥላሉ፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን መቀመጫ ይነክሳሉ፤ ሞቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይበረታና ይቀንሳል። የሞተችው ስትከፈት በጭኗና በደረቷ ሥጋ ላይ የደም ጭረት፣ ከእዳሪ መውጫዋ በላይ ያለችው ቡርሳ የምትባለው እጢ ደግሞ አብጣ ትታያለች። ፈንግል ሲሆን አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፣ ኩሳቸው ይበልጥ አረንጓዴ ነው፣ የተረፉት አንገታቸው ይጠመዘዛል። አሁን የሞተችውን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ከበረዶ ጋር ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ ይገባል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚሁ ከተማ አለ። ሌሎቹን ቶሎ ወደ ገበያ ማውጣት ግን የሰው ቤት ማቃጠል ነው።

ክትባቱ በትክክል ተሰጥቶም መከላከያው እስኪጠና አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ መሐል ከበዓሉ በፊት ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከበለሳ ዶሮ በብዛት ወደ ከተማ ይገባል። ለበዓል የተገዛ አውራ ዶሮ እግሩ ታስሮ በሥጋ ዶሮው ቤት በር ላይ የሚያድርበትን ግቢ ሁላችንም እናውቃለን። እሱን ሌላ ቦታ አሳድሩ፤ ላባውንና የታጠበበትን ውኃ ቅበሩ፤ ያረደው ሰው ጫማ ሳይቀይር አይግባ። በግቢው የሚዞሩ የሐበሻ ዶሮዎች ካሉም እነሱን ሙቀት በሚችለው፣ አይ-2 በሚባለው የፈንግል ክትባት በየ3 እና 4 ወሩ መከተብ ለሥጋ ዶሮው አጥር ነው።

መንጋው ሲሸጥ ጉምቦሮ ገብቶበት የነበረ ቤት ወዲያው ጫጩት አይቀበልም። ቫይረሱ በቤት ውስጥ ከ3 ወር በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ብዙ የማጽጃ መድኃኒትም አይበግረውም። ሰጋቱራው ጨርሶ ይውጣና ከግቢ ርቆ ይቃጠል ወይም ይቀበር፤ ግድግዳና ወለል በሳሙና ተፈግፍጎ ኩሱ ከለቀቀ በኋላ ብቻ መድኃኒቱ ይረጭ፤ ኩስ ላይ የተረጨ መድኃኒት ኩሱ ላይ ይቀራል። ባዶ ብልቃጦቹና የተረፈው ክትባት ተቀቅለው ይቀበሩ። ከመቅበራችሁ በፊት ግን የብልቃጡን ወረቀት ልጣችሁ ደብተር ላይ ለጥፉት፤ አጠገቡም ቀኑን፣ የጠጡትን ሊትርና የጨረሱበትን ሰዓት ጻፉ። መንጋው ከታመመ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው።